እናቴ ውስጥ ናት

በሳን ሌአንድሮ ገበያ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይዞ መኪና የሚያስቆም ሽማግሌ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ፤ ሲሪሎ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ስል ኖሬያለሁ። ማዘጋጃ ቤት አልቀጠረኝም፣ ማንም አልሾመኝም። ግን በዚያ መንገድ ላይ ያለ እኔ ጨርቅ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና የለም። ስለዚህ ይህን ነገር የማወራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። እጄ አለበት፤ መጀመሪያ በክፉው፣ በኋላም በደጉ።

ገበያችን ሲገቡ ሰባት ደረጃ አለ። ከደረጃው ጎን በሲሚንቶ የተሠራ ዘቅዛቃ የዊልቸር መወጣጫ አለ፤ ከመወጣጫው ሥር ደግሞ መሬቱ ሰማያዊ የተቀባ፣ የዊልቸር ምልክት ያለበት የመኪና ማቆሚያ። አንድ ብቻ ነው። መወጣጫውንም ማቆሚያውንም ያሠሩት እማማ ኤፒፋኒያ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ታማሌ፣ ያን በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የበቆሎ ሊጥ፣ የሸጡልን ሴት ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ደረጃው ሲያቅታቸው፣ ድስታቸውን ይዘው ከንቲባው ቢሮ በር ላይ ሁለት ወር ተቀመጡ። ከንቲባው በገባ በወጣ ቁጥር እሳቸውንና ድስቱን መሻገር ሲሰለቸው ሲሚንቶው ፈሰሰ። ለእኔ በየጠዋቱ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ትኩስ ታማሌ ይሰጡኝ ነበር፣ በነፃ። «እንካ፣ ሲሪሎ፤ ባዶ ሆድ ጨርቅ አያውለበልብም» ይሉኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። ገበያው በሙሉ ተዘግቶ ሸኘናቸው፤ እኔም አንዱን የሬሳ ሣጥን እጀታ ይዤ ነበር። መኪና ውስጥ ስፖኪዮ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ፎቷቸውና ስማቸው ያለበት ሰማያዊ የአካል ጉዳተኛ ካርድ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ካርዱ የቀረው አንድ ልጃቸው ዘንድ ነው።

ልጃቸው ፋኩንዶ ይባላል፤ ይቅርታ፣ ዶን ፋኩንዶ። ዶን የምትለዋን ካልጨመሩለት ጆሮው አይሰማም። የገበያው ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። እግሩ እንደ ፍየል ነው፤ ያንን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ በየቀኑ አየዋለሁ። ታዲያ በየጠዋቱ ቀይዋን አዲስ መኪናውን ይዞ ይመጣና ሰማያዊው ባዶ ከሆነ የእናቱን ካርድ አንጠልጥሎ እዚያ ላይ ይገተራል። «ና፣ ና» እያልኩ የማስገባው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ለምን ቢባል፣ መንገዱ ላይ የምቆመው በእሱ ፈቃድ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ጨርቁን ሌላ ሰው ይይዘዋል። እናም አፌን ዘግቼ ጨርቄን አውለበለብኩ። ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

የድሮው ትራፊክ ፖሊስ የፋኩንዶ አበልጅ ስለነበር ዓይኑን ወደዚያ አይወረውርም። ከሁለት ወር በፊት ግን ሱሌማ የምትባል አዲስ ትራፊክ ተመደበች። የሌላ አገር ልጅ ናት፣ ማንንም አታውቅም፣ ሳቅም አታውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ከቀይዋ መኪና ጎን ቆማ ፋኩንዶን ጠየቀችው።

«ካርዱ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«የት አሉ?»

«እናቴ ውስጥ ናት፤ እየገበያየች ነው» አላት፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ።

ካርዱን አየችው። ቀኑ አላለፈበትም፣ ማኅተም አለው፣ ፎቶ አለው። ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያቺ ንግግር ጸሎቱ ሆነች፤ «እናቴ ውስጥ ናት» ይላል፣ ትሄዳለች። እኛ ሁላችን ሰምተናል። ሁላችንም ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለን ዝም አልን።

የዝምታችን ዋጋ የወደቀው ኦብዱሊያ ላይ ነው። ኦብዱሊያ ዛላ በርበሬና ሞሌ የሚባለውን የወጥ ድልህ ትሸጣለች። ሞሌዋን ያልበላ ሠርግ በከተማችን ሠርግ አይባልም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አውቶቡስ ተገልብጦ ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። ወንድሟ መካኒክ ስለሆነ ለአሮጌዋ አረንጓዴ ቮልስ ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም በእጅ የሚሠራ አድርጎ አበጀላት። እሷም ከወንድ የበለጠ ትነዳለች፤ እኔ ነኝ ያልኩት። መደቧ መወጣጫው እንዳለቀ የመጀመሪያው፣ በር ላይ ያለው ማዕዘን ነው። ያንን ማዕዘን የፋኩንዶ የክርስትና ልጅ ለስልክ መሸፈኛ መሸጫ ተመኘው።

ፋኩንዶ በግልጽ ሊነጥቃት አይችልም፤ የገበያው ሴቶች በቁሙ ይበሉታል። ነገር ግን ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ያልተከፈተ መደብ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሰውየው በየቀኑ ከእሷ ቀድሞ መጥቶ ሰማያዊውን መያዝ ጀመረ። እሷ አራት መንገድ ርቃ ታቆምና ዊልቸሯን በኮብልስቶን ላይ እየገፋች ትመጣለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘገየች፤ የማኅበሩ ጸሐፊም ሁለት ጊዜ መዝግቧታል። ሦስተኛው የቀረ ነበር። ሦስተኛው ማለት ቁልፉን ማስረከብ ነው።

ጫኝና አውራጆቹ «እንሸከምሽ» አሏት።

«አንድ ጊዜ ተሸክማችሁኛል» አለቻቸው። «አንዱ ብብቴን፣ አንዱ እግሬን ይዞ፣ ቀሚሴ ራሴ ላይ ወጥቶ ገበያው ሁሉ ሲያየኝ! የበርበሬ ጆንያ አይደለሁም። መንገዴን ስጡኝ፣ ራሴ እገባለሁ።»

እንዲህ ሆነን የሙታን ቀን ደረሰ። በዚያን ቀን ሙታን ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ይባላል። በየቤቱ መሠዊያ ተሠርቶ ፎቷቸው ይቆማል፣ የሚወዱት ምግብ ይቀርባል፣ ብርቱካንማ አበባ ከደጅ ጀምሮ ይነሰነሳል፤ መንገዱ እንዳይጠፋቸው። እኔ ብዙም አላምንበትም ነበር። የሞተ ሰው መኪና የለው፣ እኔን ምን ሊያደርገኝ ይመጣል እያልኩ እቀልድ ነበር።

በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የመሠዊያ ውድድር አወጣ። ፋኩንዶ ደግሞ ውድድር ሲሰማ ምራቁን መዋጥ አይችልም። ገበያው አዳራሽ መሃል ለእናቱ ሰባት እርከን ያለው መሠዊያ አሠራ። አበባው ብቻ ሁለት የጭነት መኪና ነው። ደንቡ የሟች ፎቶ፣ ሙሉ ስምና የተወለዱበትና ያረፉበት ዓመት በጉልህ እንዲጻፍ ያዛል። እማማ ኤፒፋኒያ ደግሞ ካሜራ ሲያዩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ዓይናቸውን ገልጠው የተነሱት ፎቶ አንድ ነው፤ ለካርዱ የተነሱት። ልጅየው ያንን ፎቶ በር በሚያህል ወረቀት አሳትሞ ከላይ ሰቀለው። ከሥሩም በወርቃማ ፊደል ስማቸውን፣ ከዚያም «1938 – 2021» አስጻፈ።

በዚያ ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩ በቅባት ተለጥፏል። እኔም እንደ ልማዴ «ና፣ ና… በቃ» ብዬ ሰማያዊው ላይ አስቆምኩት።

አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ቮልሷ ደረሰች። ከተማው በአበባ መኪና ታጭቋል፤ ከድልድዩ ወዲህ ጎማ የሚያስገባ ባዶ ቦታ የለም። ኦብዱሊያ መንገድ መሃል ቆመች። ከኋላዋ ክላክስ ተጀመረ። መስኮቷን አውርዳ ሰማያዊውን አየች፣ ቀዩን መኪና አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጋሽ ሲሪሎ፣ አንተ ነህ ያስገባኸው?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እማማ ኤፒፋኒያ ስንት ዓመት ታማሌ አበሉህ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ጥሩ ቁርስ ነበር» አለችና ዓይኗን ወደ ገበያው ሰዓት መለሰች።

በሕይወቴ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ የነደደኝ ቀን ግን የለም። ከኋላዋ ያሉት ሹፌሮች «ዘወር በይ!» ሲሉ ዞሬ «ዝም በል፣ አህያ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ስድቡ ግን ለራሴ ነበር። ጨርቄን ወገቤ ላይ አሰርኩና ማዕዘኑ ጋ አበባ ጫኞችን ወደምታስተናግደው ሱሌማ ሮጥኩ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ሮጥኩ።

«አንድ ጊዜ ነይልኝ፣ ልጄ። ሰማያዊው ላይ ያለውን መኪና እይልኝ።»

«አውቀዋለሁ። ካርዱ ትክክል ነው።»

«ካርዱ ትክክል ነው። ባለካርዷ የት እንዳሉ ጠይቂው።»

«ጠይቄዋለሁ፣ አባባ። ውስጥ ናቸው።»

«ዛሬም ጠይቂው። ዛሬ ሰው ይስማ።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከዚያ መጣች። ስንደርስ ደረጃው ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ፋኩንዶ ክላክሱ ረብሾት ወጥቶ ነበር፤ ትከሻው ላይ አንዲት ብርቱካንማ የአበባ ቅጠል ተለጥፋለች።

«ሴትየዋ መንገድ ዘግታለች፤ አስነሺልኝ» አላት ሱሌማን።

«መጀመሪያ ይህን እንጨርስ። ካርዱ የማን ነው?»

ሰውየው ሐሳቡ መሠዊያው ጋ ነው፤ ዳኞቹ ገብተዋል። አፉ ግን መንገዱን ያውቀዋል።

«የእናቴ ነው አላልኩሽም እንዴ? እናቴ ውስጥ ናት!» አለ፣ ጮክ ብሎ።

 ሁለት ወር ሙሉ እሱ በሌለበት በተሰበሰብን ቁጥር የሳቅንባት ንግግር ናት፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አማተበች።

«እንግዲያው እስኪወጡ እጠብቃለሁ» አለች ሱሌማ።

«ትቆያለች እኮ።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ይቆያሉ» አልኩ እኔ። መንገዴንም ጨርቄንም ያጣሁ መሰለኝ፤ ደግሞም ቀለለኝ። «ለምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ? ግቢና ሰላም በያቸው። ዶን ፋኩንዶ እውነቱን ነው። ዛሬ ቀናቸው ነው፤ ውስጥ ናቸው።»

ያኔ ገባው። ፊቱ ከሸሚዙ ጋር አንድ ሆነ። «አሟታል፣ ሰው ማየት አትፈልግም» ብሎ በሩ ላይ ሊቆም ሞከረ፤ ሱሌማ ግን በተከፈተው የመኪናው መስኮት ካርዱን አውጥታ ደረጃውን ጀምራለች። እኛም ግር ብለን ተከተልናት።

አዳራሹ መሃል ስትደርስ ቆመች። ካርዱን ከፍ አድርጋ ከትልቁ ፎቶ ጎን ያዘችው። ያው ሰማያዊ ነጠላ፣ ያው የጆሮ ጉትቻ፣ ፀሐይ የወጋው ያው ግራ ዓይን። ከዚያ ወርቃማውን ጽሑፍ ቀስ ብላ አነበበች። ሦስቱ ዳኞች ወረቀታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«ዶን ፋኩንዶ» አለች፣ «እኚህ እናትዎ ናቸው?»

ምን ይበል? ናት ቢል መኪናው ከሰማያዊው ሊነሳ ነው። አይደለችም ቢል በሙታን ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ በሰባት እርከን አበባ ሥር እናቱን ሊክድ ነው። የሽንኩርት ሻጯ ቢላዋ ይዛ ነበር። እኔ ደግሞ ሰውየው እንዳይክድ ጸለይኩ፤ እሳቸው እየሰሙ ነበርና።

«እናቴ… ናት» አለ።

«እግዜር ያጥናዎት» አለችው ሱሌማ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳቅ የገበያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ሦስት ዓመት የታመቀ ሳቅ ነው። ዳኞቹ ሳይቀሩ በወረቀታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ግን ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ብሏል። ኦብዱሊያ አሁንም ውጭ ናት፣ ጸሐፊው ደግሞ ደብተሩን ይዞ መደቧ ፊት ተተክሏል።

«መኪናዎን ያንሱ» አለች ሱሌማ።

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አለ ፋኩንዶ። ቁልፉ ሱሪው ኪስ ውስጥ ይንቃጨላል። ሳቁ ቢያሳፍረውም ማዕዘኗን አልረሳትም፤ ሃያ ደቂቃ ቢያዘገያት ይበቃዋል። ሱሌማ ጎታች መኪና በሬዲዮ ጠራች፤ ድልድዩ ላይ በአበባ መኪና ተቀርቅሮ እንዳለና አንድ ሰዓት እንደሚፈጅበት ነገሯት።

ወጥቼ ለኦብዱሊያ ነገርኳት። ጫኝና አውራጆቹም ከኋላዬ መጡ፣ አሥራ አራት ይሆናሉ።

«በቃ እኛ እንሸከምሽ፣ ለዛሬ ብቻ» አላት ትልቁ። «መደብሽ ይሻልሻል ወይስ ኩራትሽ?»

ኦብዱሊያ አየችው። ቀዩን መኪና አየች። ከዚያ ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«መሸከም አማራችሁ አይደል? እኔን ከምትሸከሙ ያንን ተሸከሙ!»

 ትልቁ ጆንያውን ከጀርባው ላይ ወርውሮ እጁን አራገፈ። ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ ያዙ። ሱሌማ ጀርባዋን ሰጥታ የቅጣት ወረቀቷን መጻፍ ጀመረች። «ፊደሌ አያምርም፣ ረጅም ጊዜ ይወስድብኛል» አለች ለማንም ሳትል።

መኪና ሲነሳ ያለ መሪ ወዴትም ይሄዳል። እኔም ጨርቄን ከወገቤ ፈታሁ። በሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «አንሱ! ወደ ግራ፣ ና፣ ና! ኋላ ቀስ! ደግሞ አንሱ! ና፣ ና፣ ናአአ!» የፋኩንዶ መኪና እንደ ሙሽራ ተነስታ፣ እየተንገዳገደች ስድስት እርምጃ ሄዳ፣ የዓሣ ነጋዴዎቹ ውሃ ከሚደፋበት ቱቦ ሥር፣ በሁለት የብረት ምሰሶዎች መሃል ልክክ አለች። በሮቿም አይከፈቱም። «በቃ!» አልኩ።

ፋኩንዶ ያን ጊዜ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ «ቆይ፣ ቆይ!» እያለ ደረሰ።

«አይ፣ ተገኘ እንዴ?» አለችው ሱሌማ፣ ወረቀቷን እየሰጠችው።

ሰማያዊው ባዶ ሆነ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ጨርቄን ወደ ቮልሷ አወዛወዝኩ። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ…» አልኳት። አንድ ጊዜ እንኳ መሪ ሳትመልስ ገባች። ዊልቸሯን ራሷ አወረደች፣ ራሷ ተቀመጠች፣ ከመወጣጫው ሥር እጇን በጎማው ላይ አኖረች። ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ አሳለፋት። ሊገፋት እጁን የዘረጋ አልነበረም፤ ገብቶናል።

መደቧ ጋ ስትደርስ ሰዓቱ ሁለት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። የላሜራ መዝጊያውን በመንጠቆዋ ስባ ወደ ላይ ስታሽቀነጥረው የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የበርበሬው ሽታ ወጣ። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ ሰዉን አየ። ደብተሩን አጠፈና «ሩብ ኪሎ ቀይ ድልህ» አላት።

ሱሌማ ካርዱን ይዛ ወደ መሠዊያው ተመለሰች። «ሕጉ ካርዱ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል» አለችና ከእንግዲህ እንዳይሠራ ቀዳዳ አድርጋበት ከፎቶው ሥር፣ ከታማሌዎቹ ጎን አኖረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ዳኞቹም አንደኛ የወጣው የእማማ ኤፒፋኒያ መሠዊያ ነው ብለው የምስክር ወረቀቱን ለልጁ ሳይሆን ለፎቶው ሰጡ። በሳምንቱ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሌላ ሊቀመንበር መረጠ። እጃቸውን ካወጡት የፋኩንዶ የክርስትና ልጅ አንዱ ነው ይባላል።

ቀትር ላይ የመሠዊያው ምግብ ለሕያዋን ሲከፋፈል እኔ በር ላይ ነበርኩ። እማማ ኤፒፋኒያ ከሞቱ ጀምሮ ታማሌ በጉሮሮዬ አይወርድም ነበር። ናፍቆት ነው እል ነበር፤ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ኦብዱሊያ መወጣጫውን በፍጥነት ወርዳ አጠገቤ ፍሬን ያዘች። ጭኗ ላይ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ውስጥ ካሉት ሴትዮ ነው» አለችኝ። «ሲሪሎ ባዶ ሆዱን ሮጧል፣ ስጭው አሉኝ።»

እዚያው ቆሜ፣ ሰማያዊው ጎን፣ ክላክሱ እየጮኸ በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ወረደልኝ።